ሙዚቃው ማታ ለምን ይጥማል? የፒንሐስ ሩተንበርግ ሕይወትና የአሽኬሎን መብራት

ከአሽኬሎን ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ፣ ባሕሩ ዳር፣ ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ያሉት ትልቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ይታያል። ሲሠራ የኖረው በአብዛኛው በመርከብ በሚመጣ የድንጋይ ከሰል ነው። ስሙ ሩተንበርግ ይባላል። ስሙን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰውየው ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕ ወይም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ያስተውላል። ያው ካሴት፣ ያው ዘፈን፣ ያው ማጉያ ቀን ሲከፈት ደርቆ ይሰማል፤ ማታ ሲከፈት ለስልሶ፣ ጠርቶ፣ ክራሩ አንድ በአንድ ይሰማል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። ቀን ሁሉም ስለሚጠቀም ኃይሉ ደከመ፣ ማታ ግን በረታ ይባላል። ይህ ጥርጣሬ እውነትም አለው፣ ስሕተትም አለው። የቱ እውነት የቱ ስሕተት እንደሆነ ለመለየት የዚያን ማመንጫ ስም ባለቤት ሕይወት መከተል ይረዳል፤ ምክንያቱም የሰውየው ግማሽ ዕድሜ ያለቀው ኃይል በየሰዓቱ ሳይዋዥቅ ቤት እንዲደርስ በማድረግ ነው።

ፒንሐስ ሩተንበርግ የተወለዱት በ1879 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ሮምኒ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ለትምህርት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው በዚያ ከነበረው የቴክኖሎጂ ተቋም ምሕንድስና ተማሩ። ተማሪ ሳሉ በንጉሡ አገዛዝ ላይ ከተነሡት አብዮተኞች ጋር ገጠሙ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱም ፑቲሎቭ በሚባለው ታላቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ።

በጥር 1905 በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ጋፖን በሚባል ቄስ መሪነት፣ ለንጉሡ አቤቱታ ለማቅረብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉዞ ጀመሩ። ወታደሮች ተኩስ ከፈቱባቸው፤ ብዙ ሰው አለቀ። ያ ቀን በታሪክ ደም የፈሰሰበት እሑድ ተብሎ ይጠራል። ሩተንበርግ ከቄሱ ጎን ነበሩ። ከተኩሱ መሀል አውጥተው ሕይወቱን ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ያው ቄስ ከንጉሡ ሰላዮች ጋር መግጠሙ ታወቀ፤ ሩተንበርግንም ወደዚያው ሊስባቸው ሞከረ። በ1906 ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ኦዜርኪ፣ በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ሩተንበርግ ያመጧቸው ሠራተኞች ጋፖንን ሰቅለው ገደሉት። የአብዮቱ ድርጅት መሪዎች ትእዛዙን አልሰጠንም ብለው ካዱ። ነገሩ በሩተንበርግ ትከሻ ላይ ብቻ ቀረ። ያተረፉትን ሰው እሳቸው ራሳቸው ለሞት አሳልፈው ሰጡት ማለት ነው፤ ይህ ጥላ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተሰደዱ። እዚያ ሌላ ሰው ሆኑ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፖለቲካውን ትተው የውሃ ምሕንድስና ያዙ፤ ግድብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከወራጅ ውሃ ኃይል እንዴት እንደሚወጣ አጠኑ። ቀድሞ ለጋብቻ ሲሉ ወደ ክርስትና ገብተው ነበርና፣ በፍሎረንስ ምኩራብ በጥንቱ ሥርዓት ንስሓ ገብተው ወደ አባቶቻቸው እምነት ተመለሱ። በ1915 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያ ሳሉ ስለ ምድረ እስራኤል ውሃ ማሰብ ጀመሩ፤ የዮርዳኖስን ውሃ ለመስኖና ለመብራት እንዴት ማዋል እንደሚቻል ዕቅድ አወጡ።

በ1917 ንጉሡ ሲወድቅ ወደ ሩሲያ ተመለሱ። ጊዜያዊው መንግሥት ከተማዋን ከሚጠብቁት ኃላፊዎች አንዱ አደረጋቸው። ቦልሼቪኮች የክረምቱን ቤተ መንግሥት ሲይዙ እሳቸውም እዚያው ተያዙ፤ ለወራትም ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ በኦዴሳ ለአጭር ጊዜ የአቅርቦት ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ1919 ግን ሩሲያን ለመጨረሻ ጊዜ ለቀው ወደ ምድረ እስራኤል መጡ። ዕድሜያቸው 40 ደርሶ ነበር።

አገሪቱ ያኔ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር በየሆቴሉና በየፋብሪካው ካለ ትንሽ ሞተር በቀር አይታወቅም ነበር። ሩተንበርግ አገሩን እየዞሩ ወንዞቹን ለኩ። በ1921 እንግሊዞች በያርኮን ወንዝ ኃይል የጃፋንና የአካባቢዋን መብራት እንዲሠሩ ፈቃድ ሰጧቸው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። አረቦቹ መብራቱ የጽዮናውያን እጅ ነው ብለው ተቃወሙ። በለንደን ምክር ቤትም አገር ሙሉ ኃይል ለአንድ ሰው እንዴት ይሰጣል ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ በ1922 ፈቃዱን ተነሥተው የተከላከሉት ያኔ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ናቸው። ኢየሩሳሌም ከፈቃዱ ውጪ ቀረች፤ የእርሷ መብራት ቀደም ብሎ ማቭሮማቲስ ለሚባል የግሪክ ሰው ተሰጥቶ ነበርና።

ሩተንበርግ ያርኮንን ለኃይል ማመንጫ ከመጠበቅ ይልቅ መጀመሪያ በቴል አቪቭ በናፍጣ የሚሠራ ማመንጫ አቆሙ። በ1923 የቴል አቪቭ ጎዳናዎች በኤሌክትሪክ በሩ። ማመንጫው የነበረበት አካባቢ ጎዳና እስከ ዛሬ ሀሐሽማል እየተባለ ይጠራል። በዚያው ዓመት ኩባንያቸውን መሠረቱ፤ ዛሬ ሄቭራት ሀሽማል የሚባለው ድርጅት መነሻው ይህ ነው። በ1925 ሐይፋና ጥብርያዶስም የየራሳቸው ማመንጫ አገኙ።

እዚህ ላይ የመብራትና የድምፅ ነገር ይገናኛል። በጎንደር ገጠር፣ በአምቦበርም ሆነ በወለቃ፣ ቴፕ የነበረው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፤ ዘፋኟ ሴት ሆና ሳለ ድምፅዋ እንደ ወንድ ይወፍራል፤ ዘፈኑ እያዛጋ ይሄዳል። ያኔ ድንጋዮቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ጥቂት ይነቃሉ፤ ዘፈኑም ለጊዜው ይድናል። ድምፅ የኃይል ልጅ ነው ማለት ይህ ነው፤ ሞተሩ ሲደክም ክሩ ቀስ ይላል፣ ክሩ ቀስ ሲል ድምፁ ይወርዳል።

ትልቁም የመብራት መስመር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በማመንጫው ውስጥ የሚሽከረከር ግዙፍ ዘንግ አለ። በእስራኤልም በኢትዮጵያም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ይህም 50 ሄርዝ ይባላል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ ፋብሪካውን ሲከፍት ዘንጉ ላይ ሸክም ይጨመራል፤ ሽቅብ ጭነት እንደያዘ በቅሎ ቀስ ማለት ይጀምራል። ማመንጫው ወዲያው ነዳጅ ወይም ውሃ ካልጨመረለት 50ው ወደ 49 ይወርዳል። በድሮ ጊዜ ብዙ የሸክላ ማጫወቻዎችና የግድግዳ ሰዓቶች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከዚህ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ሰዓቱ ይዘገያል፣ ሸክላውም ይጎተታል። አንድ ሄርዝ ሙሉ ቢወርድ ሙዚቃ የለመደ ጆሮ ቅኝቱ ዝቅ ማለቱን ይሰማል። በትንሽ መስመር ላይ ያለ ቤት እንግዲህ በጭንቅ ሰዓት አንድ ዓይነት፣ እኩለ ሌሊት ሌላ ዓይነት ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

መስመሩ ሰፊ በሆነ መጠን ግን መዋዠቁ ይቀንሳል። አንድ ሰው የተሸከመው ድንጋይ ሲከብድበት ይንገዳገዳል፤ መቶ ሰው ተጋግዞ የያዘው ግንድ ግን አንዱ እግሩ ቢያዳልጠው አይወድቅም። ሩተንበርግ ከመጀመሪያው የፈለጉት ይህን ነው፤ በየከተማው የሚፍጨረጨሩ ትንንሽ ሞተሮችን ትተው አገሩን በአንድ መስመር ማገናኘት። በ1926 በዮርዳኖስ ውሃ ላይ የ70 ዓመት ፈቃድ አገኙ። ዮርዳኖስና ያርሙክ በሚገናኙበት ነሃራይም በሚባል ቦታ ላይ ግድብ፣ ቦይና ማመንጫ መሥራት ጀመሩ። ቦታው ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። ሥራው ለዓመታት ቆየ። በሰኔ 1932 ኤሚር አብደላ በተገኙበት በይፋ ተመረቀ። ኃይሉ 18 ሜጋዋት ነበር።

የውሃ ማመንጫ አንድ መልካም ጠባይ አለው። ሰው ማታ ማታ መብራት ሲያበራ በሩ ሰፋ ይደረግና ውሃው ይለቀቃል፤ ሲተኛ በሩ ጠበብ ይላል። ዘንጉ ፍጥነቱን ይዞ ይቀጥላል። በኢትዮጵያም በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል፣ በኋላም በ1964 ከባሕር ዳር አጠገብ ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ነሃራይም በተመረቀ በአራተኛው ዓመት፣ በመጋቢት 1936፣ ከኢየሩሳሌም የሬዲዮ ስርጭት ተጀመረ። ማሰራጫው ራማላ ላይ ነበር፤ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ነበር። መብራት ያለው ቤት ሬዲዮ ማስገባት ጀመረ። ከሬዲዮ ጋር ደግሞ ሌላ የቀንና የሌሊት ልዩነት መጣ፤ ይህኛው ከመብራቱ ጋር አይገናኝም። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐይ አየሩን እየመታች የሬዲዮ ሞገድ የሚውጥ ንብርብር ትሠራለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል። ያኔ የመካከለኛ ሞገድ ድምፅ ከዚያ በላይ ባለው ሌላ ንብርብር ተነጥሮ ሩቅ አገር ይደርሳል። ቀን አንድ ጣቢያ ብቻ የሚሰማበት ቦታ ማታ ሦስት አራት የሩቅ ጣቢያ እየተደራረበ ይጮኻል።

የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ያለ መምህር ተምሮታል። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ነው። ሁለቱም በአጭር ሞገድ ነበሩ፤ የአጭር ሞገድ ዕድልም ከሰማዩ ጋር የታሰረ ነው። ለዚህ ነው ጣቢያዎቹ እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ መስመር የሚቀያይሩት፣ አድማጩም ማታ ማታ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ መርፌውን ሲያዞር የኖረው። ሬዲዮው አልተበላሸም፤ የተለወጠው ሰማዩ ነው።

ሩተንበርግ በመሐንዲስነት ብቻ አልኖሩም። በ1920 በኢየሩሳሌም ግጭት ሲነሣ ሕዝቡ ራሱን እንዲከላከል ካደራጁት አንዱ ነበሩ። ከ1929ኙ ደም መፋሰስ በኋላ የአይሁድ ማኅበረሰብ ብሔራዊ ምክር ቤት መሪ ሆኑ፤ በ1939ም እንደገና ተጠሩ። ከአረብ መሪዎች ጋር ለመስማማት ሞክረዋል፤ እርስ በርሳቸው የተጣሉትን የአይሁድ ወገኖች ለማስታረቅም ደክመዋል። ጠባያቸው ግን ለፖለቲካ የተመቸ አልነበረም። ቁጡ፣ ብቻቸውን መወሰን የሚወዱ፣ ለማንም የማይመለሱ ሰው ነበሩ ይባላል። ከአንድ ወገን ጋር ጠቅልለው ስላልገቡ የሁሉም ወዳጅ፣ የማንም ሰው ሳይሆኑ ቀሩ።

በጥር 1942 በኢየሩሳሌም አረፉ፤ የተቀበሩትም በደብረ ዘይት ተራራ ነው። ሀብታቸውን ለወጣቶች ማስተማሪያ እንዲውል ተናዘዙ፤ ሐይፋ ያለው ቤታቸው የወጣቶች ማሠልጠኛ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1948 ጦርነት ነሃራይም በጠላት እጅ ወደቀ። ተርባይኖቹ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ ዞረው አያውቁም። የደከሙበት ትልቁ ሥራ ፍርስራሽ ሆነ፤ መስመሩ ግን ተረፈ። በሌሎች ማመንጫዎች ተተክቶ እየሰፋ ሄደ።

የአሽኬሎኑ ማመንጫ የተሠራው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያ ክፍሎቹ ሥራ የጀመሩት በ1990ዎቹ መባቻ ሲሆን ስማቸው ተሰጠው። ሙሉ አቅሙ 2,250 ሜጋዋት ደርሷል። ይህ የነሃራይምን 125 እጥፍ ነው።

እንግዲህ ዛሬ በአሽኬሎን ቤት ውስጥ ያለው ቴፕ ማታ የሚጥመው መብራቱ ስለሚበረታ ነው? በአብዛኛው አይደለም። ቤት የሚደርሰው ኃይል 230 ቮልት ነው። በሐምሌ ሙቀት ማዝጋን ሁሉ ሲከፈት ወይም ዓርብ ከሰንበት በፊት ምድጃው ሁሉ ሲጣድ፣ በመስመሩ ጫፍ ያለ ቤት ቮልቱ ጥቂት ሊወርድበት ይችላል። ከመቶ አምስት እጅ ወረደ እንበል። የዛሬ መሣሪያ ብዙው ይህን ራሱ ያስተካክለዋል። የማያስተካክል አሮጌ ማጉያ እንኳ ቢሆን ከሙሉ ጉልበቱ የሚያጣው ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ነው፤ ይህም ከግማሽ ዴሲቤል ያነሰ ልዩነት ስለሆነ የሰው ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ፍጥነቱም ቢሆን ከ50 ሄርዝ ብዙም ስለማይርቅ ቅኝቱ አይለወጥም።

መብራቱ የሚከሰስበት እውነተኛ ነገር አንድ ነው፤ ጩኸት። ፍሪጅ ሲነሣ ቋ የሚል ድምፅ፣ ርካሽ ቻርጀር ወይም ብርሃን መቀነሻ ሲሠራ በማጉያው ውስጥ የሚሰማ ዝዝዝ ይኖራል። ቀን ብዙ ዕቃ ስለሚሠራ ይህ ይበዛል። ማጉያውን ከፍሪጁና ከማዝጋኑ ሌላ ሶኬት ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ከቤቱና ከጆሮው ነው። መስኮት በተከፈተ ቤት ቀን ላይ የመኪናው፣ የልጆቹና የማዝጋኑ ድምፅ ተደምሮ 50 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ሌሊት ጸጥ ያለ ክፍል ወደ 30 ይወርዳል። አሥር ዴሲቤል በወረደ ቁጥር ጆሮ የሚሰማው ጩኸት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ሃያ ሲወርድ ሩብ ብቻ ይቀራል። የክራሩ ክር ከተመታ በኋላ የሚቀረው ቀጭን ድምፅ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የመሰንቆው ጭራ ቀን ላይ በዚያ ጩኸት ተሸፍነው የነበሩ ናቸው። ማታ ሽፋኑ ሲነሣ ይወጣሉ። የኪፑር ቀን መኪና ሁሉ ሲቆም ከተማው እንዴት እንደሚሆን ያየ ሰው ጸጥታ ራሱ ምን ያህል እንደሚያሰማ ያውቃል።

ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ልጆች እንዳይነቁ ተብሎ ማታ ድምፁ ዝቅ ሲደረግ ከበሮው ወደኋላ ይሸሻል፣ ሰው የሚናገረው ግን ፊት ለፊት ይቀራል። ለዚህ ነው ያው ዘፈን ማታ ለስላሳ የሚመስለው።

ይህን ማወቅ ኪስንም ጤናንም ይጠብቃል። ድምፁ ቀን ደረቀ ብሎ አዲስ ማጉያ ከመግዛት ወይም መብራት ያጠራል ለሚባል ውድ ሳጥን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። መስኮቱን መዝጋት፣ ማዝጋኑን ማጥፋት፣ የማጉያውን ቁልፍ ሳይነኩ ያንኑ ዘፈን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መስማት ነው። ልዩነቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ጩኸቱ ነበር። መብራቱ ራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መንገር ይገባል፤ እሱ የሙዚቃ ጉዳይ ሳይሆን የእሳት አደጋ ጉዳይ ነው። በጸጥታም ቢሆን ቃሉ አልለይ ካለ፣ ወይም ልጆች ድምፁ በዛ ሲሉ ለአባት የሚያንስ ከሆነ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዶ ጆሮ ማስመርመር ይሻላል። ዕድሜ ሲገፋ ቀጭን ድምፅ ቀድሞ ይሸሻል፤ ይህ የማንም ነውር አይደለም፣ መርጃም አለው።

ሩተንበርግ በወጣትነታቸው ዓለምን በአንድ ቀን ሊለውጡ ተነሥተው ነበር፤ የተረፋቸው የአንድ ቄስ ሬሳና ስደት ነው። ከዚያ በኋላ የያዙት ሥራ ግን በቀን አይጠናቀቅም። መስመሩ በደንብ ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ስሙ የሚነሣው ሲጠፋ ብቻ ነው። ዛሬ በአሽኬሎን አንድ ሰው በጭንቁ ሰዓት ካሴት ከፍቶ ዘፋኟ ሳትጎተት በራሷ ድምፅ ስትዘፍን ቢሰማ፣ ያን ጊዜ ጎረቤቱ እንጀራ እየጋገረ፣ ሌላው ማዝጋን ከፍቶ፣ ሌላው ልብስ እያጠበ ነው። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ለሁሉም ይበቃል።